ስበላ ያየችኝ ሴት

ባለፈው ሳምንት ለጉልበቴ የታዘዘልኝን ኪኒን ልቀበል ወረታ መገንጠያው አጠገብ ካለች መድኃኒት ቤት ገባሁ። ልጅቱ ፍሬዎቹን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ይሄ የሚዋጥ ነው?» አልኋት። «አዎ አባባ፣ የሚዋጥ ነው።» «እርግጠኛ ነሽ?» «እርግጠኛ ነኝ አባባ።» «ውሃ ውስጥ የሚጨመርም አለ እኮ።» ይሄኔ አላስቻላትም፤ ፊቷን በነጭ ጋዋኗ እጅጌ ሸፍና ሳቀች። ሳቂ የኔ ልጅ፣ መሳቅስ ይገባሻል። እኔ እንግሊዝኛ በማስተማር ጥርሴን የነቀልሁ ሰው ነኝ፤ የመድኃኒቱን ስም ከነአወሳሰዱ ካርቶኑ ላይ አንብቤዋለሁ። ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነኝ፣ ማንኛውንም ኪኒን ሦስት ጊዜ ሳልጠይቅ አፌ አላስገባም። አንድ ቀን ሳልጠይቅ ዋጥሁና በዚያ ሰበብ አንዲት ሴት ከቤቷ ተነቀለች። ይህን ለሚስቴ አልነገርኋትም፤ ነፍሷን ይማረውና ሳታውቀው ሞተች። ለንስሐ አባቴም ዳር ዳሩን ነካክቼ ነው ያለፍሁት። እውነቱን ልነግራት የሚገባኝ ራሷን ሴትዮዋን ነበር፤ እሱን ሳላደርግ ሸበትሁ። ዘንድሮ በጥቅምት ነገርኋት። የሆነውን ከሥሩ ልጀምረው።

ያን ጊዜ ወረታ እንዲህ አልነበረችም። አሁን መገንጠያው ላይ ለመሻገር ባጃጁ አሳልፎ አይሰጥህ፣ የጭነት መኪናው አይቆምልህ፣ የሩዝ መፈልፈያው ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል። ያን ጊዜ መንገዱ ጠጠር ነው፤ አውቶቡስ መጣ የሚባለው ከሩቅ አቧራው ሲታይ ነው። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት ላይ ሦስት ሻይ ቤቶች ነበሩ። ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ትኩስ ዳቦ እንደዚያው። የመካከለኛዋ ሻይ ቤት ቴፕ ባትሪዋ ሲደክም ዘፋኙ ድምፁ እየወፈረ ይጎተታል፤ እኛም ዘፈኑን እንዲያው እየተጎተተ ለምደነው፣ ሌላ ቦታ በትክክል ስንሰማው የተቻኮለ ይመስለን ነበር። የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቀው ከብቱ ወደ ዳገት ይወጣል፤ ውሃው ሲጎድል ደግሞ ወባው ይከተላል። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። አንዲት ቡናማ ቴትረን ሱሪ ነበረችኝ፤ ማታ ፍራሽ ሥር አንጥፌ እተኛባትና ጠዋት ተተኩሳ ትገኛለች። ደረት ኪሴ ላይ ሁለት እስክሪብቶ እሰካለሁ፣ ቀይና ሰማያዊ። ሰው «አስተማሪው» ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ «እንግሊዝኛውን እኮ ያንበለብለዋል» ሲሉኝ ደግሞ መሬት አትበቃኝም። እውነቱን ለመናገር የማውቀው መጽሐፍ ላይ ያለውን ነው፤ ከፈረንጅ አፍ የወጣውን ከሁለት ቃል አንዱን ብይዝ ነው። ያልገባኝን መልሶ መጠየቅ ግን ሞቴ ነበር።

ሊዛ የምትባል ፈረንጅ የመጣችው በጥቅምት ነው። ዓርብ ከሰዓት ከጎንደር አውቶቡስ ወረደች፤ ረጅም፣ አፍንጫዋን ፀሐይ የላጣት፣ ከወገቧ እስከ ራሷ የሚደርስ ሻንጣ በጀርባዋ ያዘለች። አገሯ ሆላንድ ነው። ያገኘችውን አገር ሁሉ በእግሯ እያየች የምትዞር ሴት ነበረች። ከተማው ከኋላዋ ተንጋጋ፤ «አስተማሪውን ጥሩት!» ተባለና እኔ ሸሚዜን እየከተትሁ ደረስሁ። አንድ ሱቅ በር ላይ የተደረደሩ ድስቶችና እንስራዎች ዓይኗን ያዟት፤ አንዱን ድስት አንሥታ በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ሰማች። የሚሠራው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሴቶች ናቸው፣ ከዚያ ማዶ ተራራው ላይ ነው የሚቀመጡት ብዬ ወደ ምሥራቅ አሳየኋት። ነገ መሄድ እፈልጋለሁ፣ እዚያው አድሬ እመለሳለሁ አለችኝ። በማግስቱ ቅዳሜ ነው፣ ትምህርት የለም። ከፈረንጅ ጋር ስሄድ የሚያየኝን ሰው ብዛት እያሰብሁ እሺ አልሁ።

እስከ ዓለም በር በጭነት መኪና ሄድን፤ ከዚያ በኋላ በእግር ነው። የመንደሩን ስም አልጠራም፤ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም አሉበት። መንገዱ ሽቅብ ብቻ ነው። እኔ ለክብሬ ብዬ የቆዳ ጫማዬን አድርጌ ወጥቻለሁ፣ ሶሉ ያንሸራትታል፤ እሷ በዚያ ወፍራም ጫማዋ ትወጣዋለች። አንዳንዴ ቆም ብላ ትጠብቀኝና ዞራ ሜዳውን ታያለች። ፎገራ ሙሉውን ከታች ተዘርግቶ ይታያል፤ ሰብሉ፣ ውሃ የተኛበት ቦታ፣ ከዚያ ወዲያ ጣና። ተወልጄ ያደግሁበትን አገር ከላይ ሆኜ ሳየው ያ ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ልክ ሁልጊዜ እንደምወጣው ሆኜ ግን የየጎጡን ስም ስነግራት ዋልሁ፤ ግማሹን ፈጥሬ ነው። እረፍት ስናደርግ ደግሞ እሷ ሻንጣዋን ከፍታ ያላትን መድኃኒት ሁሉ አንድ በአንድ እያወጣች ምን ምን እንደሆነ አስረዳችኝ። ለወባ፣ ለራስ ምታት፣ ለቁስል፣ ለውሃ፣ ብቻ ብዙ ነው። እኔ አንገቴን እየነቀነቅሁ «ዬስ፣ ዬስ» እላለሁ። ከተናገረችው የያዝሁት ወባን ብቻ ነው።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከመንደሩ በታች ካለው የጠይቦች ሰፈር ደረስን። እኛ አገር ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ጠይብ ነው የምንላቸው፤ ማረሻውንም ድስቱንም ከእነሱ እንገዛለን፣ ቤታቸው ግን ገብተን አንበላም። ቡዳ ናቸው፣ ስትበላ ካዩህ በዓይናቸው ይበሉሃል ይባላል። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ቁራሽ ዳቦ ብትገዛልኝ እንኳ ሰፈራቸውን እስክናልፍ በነጠላዋ ሸፍና ነበር የምትይዘው። የመምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ ወጥቼ፣ ስለ ጀርም ሰሌዳ ላይ ሥዕል ሥዬ እያስተማርሁ፣ ይቺ ነገር ከውስጤ አልወጣችም።

ብርቄ የምትባል ሴት ተቀበለችን። በኔ ዕድሜ ያለች፣ ቀጭን፣ ሳቅ የሚቀናት፤ ጥቂት ወር የሆናት ሴት ልጅ ጀርባዋ ላይ ታዝላለች። ባሏ ቀጥቃጭ ነው፣ ያን ቀን ማረሻ ሊሸጥ ገበያ ወርዷል። ጭቃውን እንዴት እንደምትረግጥ፣ ምን አሸዋ እንደምትቀላቅልበት፣ ድስቱን በምን እንደምታለሰልሰው ለሊዛ አሳየቻት። ሊዛ እጅጌዋን ሰብስባ መሬት ተቀመጠችና አንድ የጠመመ ነገር ሠራች፤ ብርቄ ሳቀች፣ «ይቺስ ለቅል መክደኛም አትሆን» አለች። ይህን እንኳ ተረጎምሁላትና ሦስታችንም ሳቅን። እንዲያ ስንሳቅ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን አልክድም። ከዚያ ብርቄ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረበች። ሊዛ እጇን ታጥባ በላች። ድንቹ ትኩስ ነው፣ እንፋሎቱ አፍንጫዬ ይገባል፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስሁም።

«አስተማሪ፣ ያንሡ እንጂ» አለችኝ።

«ጠግቤያለሁ።»

«በምን ጠገቡ? ዳገቱ ነው ያጠገበዎ?»

«አልበላም አልሁሽ እኮ!»

እሷ እኔን አንቱ ትለኛለች፣ እኔ እሷን አንቺ። ጎንበስ ብላ ወደ ጭቃዋ ተመለሰች። እኔ ደግሞ ረኃቡ ሲጠናብኝ አታየኝም ብዬ ከኪሴ ዳቦ ቆሎ አውጥቼ፣ እዚያው ደጇ ላይ፣ ያቀረበችልኝን ድንች ፊት ለፊቴ አስቀምጬ መቆርጠም ጀመርሁ። ብርቄ ቀና ብላ አየችኝ። ዛሬ ሳስበው፣ ደጅህ ላይ የመጣ እንግዳ እህልህን ተጸይፎ የራሱን ሲቆረጥም ከማየት በቀር ምን ታደርጋለህ? እኔ ግን የቀረውን ዳቦ ቆሎ ወደ ኪሴ መለስሁት። አየችኝ አልሁ በልቤ።

ሊዛ እዚያው ማደር ፈልጋ ነበር። ቦታ የላቸውም ብዬ ዋሸኋትና ከላይ ካለው መንደር አያ መኳንንት የሚባሉ ባለጸጋ ገበሬ ቤት ይዣት ወጣሁ። አያ መኳንንት በግ ካላረድሁ ብለው ተነሡ፤ እኛም እስኪደርስ አጎዛ ላይ አረፍ አልን። ሊዛ የኔን ኮዳ ከምንጩ ሞልታ መጣችና ሁለት ትንንሽ ነጭ ኪኒኖች መዳፌ ላይ አድርጋ፣ አንድ ነገር ተናግራኝ እግሯን ልትታጠብ ወጣች። የቤቱ ሰው ሁሉ ያየኛል። መድኃኒት ሲሰጡህ ትውጠዋለህ፣ ሌላ ምን ይደረጋል? የወባ ነው አልሁ። ሁለቱንም በአንዴ ወደ ጉሮሮዬ ላክሁና በውሃ አወረድኋቸው። ወዲያው በረኪና በረኪና አለኝ። ሆዴ ከዳቦ ቆሎው በቀር ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ልተወው፤ የታረደው በግ ሲቀርብ እኔ ከጓሮ አጥር ሥር ተንበርክኬ ነበር፣ ሌሊቱንም እንዲያው ስመላለስ አነጋሁት።

ጠዋት ሊዛ ኮዳዬን አንሥታ ከፈተችና ወደ ውስጡ አየች። አሸተተችው። ከዚያ በዝግታ፣ ለተማሪ እንደሚነገር አድርጋ፣ ኪኒኖቹስ የት ናቸው አለችኝ። ወደ አፌ አመለከትሁ። በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። ውሃ ማጣሪያ ናቸው፣ ኮዳው ውስጥ ነው የሚጨመሩት፣ ሁለቱንም ዋጥሃቸው? አለችኝ። ይሄኛው እንግሊዝኛ አንዲት ቃል ሳትቀር ገባኝ። አይዞህ፣ ብዙ ውሃ ጠጣ፣ እስከ ቀትር ይለቅሃል አለችና የራሷን ውሃ በግድ ታጠጣኝ ጀመር።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ የምስቅበት ጨዋታ ነበር። ነገር ግን መንደሩ ተሰብስቧል። የአያ መኳንንት ሚስት ገና ሌሊት «ይህ በሽታ አይደለም፣ ተበልቷል» ብለው ነበር። አያ መኳንንት ራስጌዬ ቁጢጥ አሉ።

«ልጄ፣ ተናገር። ስትበላ ማን አየህ?»

ሊዛ ከአንዱ ወደ አንዱ ታያለች። ምን እያሉ ነው አለችኝ፤ ሰው በዓይኑ በልቶኝ እንደሆነ እየጠየቁኝ ነው አልኋት። ደነገጠች። ተነሥታ ቆመች፤ የኪኒኑን ብልቃጥ ከሻንጣዋ አውጥታ ለሰዉ እያሳየች፣ በዚያ በማያውቁት ቋንቋ፣ ይሄ ነው ያመመው፣ ይሄን ነው የዋጠው እያለች ትናገራለች። «ንገራቸው!» አለችኝ። «ንገራቸው እንጂ!»

አያ መኳንንት «ምን አለች ፈረንጇ?» አሉኝ።

እንግዲህ ይህን ነው ለሠላሳ ዓመት የደበቅሁት። ከበሩ አጠገብ ሁለት የወረታ ተማሪዎቼ ቆመዋል፣ ቅዳሜና እሑድ ቤተሰቦቻቸው ዘንድ የወጡ። አስተማሪው የውሃ መድኃኒት ዋጠ ተብሎ ሰኞ ትምህርት ቤቱ በሳቅ ሲያውካካ ታየኝ። ሻይ ቤቱ ታየኝ። ሌላም ነገር አለ፤ የልቤ አንድ ጥግ «ስትበላ ግን አይታሃለች እኮ» ይለኝ ነበር። እውነቱ ሁለቱም ነው፣ ግን የበለጠው ሳቁን መፍራቴ ነው።

«መድኃኒት ልስጠው ትላለች» አልኋቸው።

«ይህ በፈረንጅ መድኃኒት አይድንም። አንተ ንገረን፣ ማን አየህ?»

«ብርቄ» አልሁ።

አዎ፣ ስሟን ጠራሁ። ወዲያው ጎረምሶች ቁልቁል ሮጡ። ቡዳ የበላውን ሰው የሚያድነው የበላው ሰው ራሱ ነው፤ መጥቶ እንትፍ ካለበት ይለቀዋል ይባላል። አመጧት። ልጅቱን እንዳዘለች ነው ያመጧት፣ ነጠላዋ አንድ በኩል ተቀድዷል፣ እጇ ላይ ጭቃው አልደረቀም። ባሏ ገና ከገበያ አልተመለሰም። ሊዛ ልትከላከልላት መሀል ገባች፤ ሴቶቹ ቀስ አድርገው ገፏት።

«እንትፍ በይበት!» አሏት።

«ኧረ በማርያም! እኔ በክፉ አላየሁዎትም አስተማሪ» አለችኝ። ለእነሱ አይደለም፣ ለኔ ነው የተናገረችው። «እነሱ ያሻቸውን ይበሉ እንጂ፣ እህሉን ስላልነኩልኝ ከፍቶኝ ነው ያየሁዎት። ይንገሯቸው።»

እሷም ንገራቸው አለችኝ። በሁለት ቋንቋ ንገራቸው ተብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። የታመምሁ መስዬ ጨፈንሁ። ከዚያ ግንባሬ ላይ እርጥቡ ሲያርፍ ተሰማኝ፤ እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ። «ማርያም ትማርዎ» ስትል ሰማኋት። ሊዛ ያጠጣችኝ ውሃ ሠርቶ፣ የኪኒኑም ኃይል አልቆ፣ ብቻ ቀትር ሳይሆን ተነሥቼ ተቀመጥሁ። መንደሩ እልል አለ። «አየህ?» አሉኝ አያ መኳንንት ትከሻዬን እየመቱ። ብርቄ ከበሩ ውጭ ቆማ በሰዉ መሀል ስነሣ ታየኝ ነበር። ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር ያን ጊዜ አልተረዳሁትም፤ ፍርሃት መሰለኝ።

ቁልቁል ስንወርድ ሊዛ ብዙ መንገድ ከፊቴ ርቃ ሄደች። በመጨረሻ፣ የኪኒኑን ነገር ነገርሃቸው አይደል? አለችኝ። ነግሬያቸው ነበር፣ አላምንም አሉ አልኋት። እጄን ያዘችና አዘነችልኝ! እንዲህ ካለ ሕዝብ መካከል ሆነህ ማስተማር እንዴት ይከብዳል አለችኝ። እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ። በሁለቱም ወገን ዋሽቼ፣ የሁለቱንም ወገን ክብር ይዤ ወረታ ገባሁ። እሑድ ማታ ሻይ ቤት ውስጥ ተበልቼ እንደ ዳንሁ እኔው ራሴ አወራሁ፤ ሰዎች ሻይ ጋበዙኝ፣ ያች ቴፕም ትጎተት ነበር።

የቀረውን ከተማሪዎቼ ነው የሰማሁት። ምንጩን ከለከሏት፣ ከልጆች ጋር እንዳትገናኝ ሲሉ። የባሏን ማረሻ የሚገዛ ከዚያ መንደር ጠፋ። በዓመቱ ዕቃቸውን አህያ ላይ ጭነው ወረዱ። ከዚያ ወዲህ ወረታ ገበያ፣ ከሸክላ ተራ አያት ነበር። ብቻዋን ከድስቶቿ ኋላ ትቀመጣለች፤ ልጇን አላዘለችም፤ አሁን አድጋለችና ቤት ትታት ይሆናል አልሁ። እኔ በእህል ተራ በኩል እዞራለሁ። ሱሪ ቀየርሁ፣ ሚስት አገባሁ፣ ምክትል ርዕሰ መምህር ሆንሁ፣ መንገዱ አስፋልት ሆነ፣ እኔ አሁንም በእህል ተራ በኩል እዞራለሁ። ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ከቤት የወጣሁባቸው የገበያ ቀናት ነበሩ። ሸክላ ተራ ጫፍ ደርሼ አንድ የማውቀው ሰው ሰላም ይለኛል፣ እመለሳለሁ። ኋላ እሷም መምጣት ተወች። ሞታ ይሆናል እያልሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀለል ይለኝ ነበር።

ዘንድሮ በጥቅምት ጉልበቴ አላስኬድ ቢለኝ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወርጄ ሰነበትሁ። ሰው እዚያ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ይቀመጣል፤ ስንቁን ይዞ ይመጣል፣ ተራ ጠብቆ ይነከራል፣ ከዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ስለየበሽታው ያወራል። ሁለተኛው ቀን ላይ አንዲት አሮጊት ልብ አልሁ። እጆቿ ከአንጓቸው አብጠዋል። ሰው ስንቁን መፍታት ሲጀምር ከመካከል ተነሥታ ትሄድና ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ ትቀመጣለች፤ ተበልቶ ሲነሣ ትመለሳለች። አንዱን ሰውዬ ማን ናቸው አልሁት። «እመት ብርቄ ናቸው። ሸክላ ይሠሩ ነበር፣ እጃቸው እንቢ አለ እንጂ።»

እንዴት እንደ ተነሣሁ አላውቅም። በማግስቱ ነው ልል ነበር፤ በማግስቱ ካልሁ እንደማልነግራት ገባኝ። ሄጄ ፊት ለፊቷ ቆምሁ።

«እመት ብርቄ፣ ያውቁኛል?»

ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። «ማን ልበልዎ?»

«የወረታው አስተማሪ ነኝ። ያኔ ከፈረንጇ ጋር የመጣሁት።»

እኔ ስድብ ጠብቄያለሁ፤ ብትረግመኝም ደግ ነው ብዬ ነው የቆምሁት። እሷ ግን ተጨንቃ፣ ወደኔ ዘንበል ብላ፣ «ከዚያ ወዲያ ተመለሰብዎ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ያ ሕመም። ተመልሶብዎ እንደሆነ ስንቴ ሰው ልልክ አሰብሁ መሰለዎ። ፈራሁ።»

አጠገቧ ተቀመጥሁ። ሁሉንም ነገርኋት። ኪኒኑን፣ ኮዳውን፣ ሊዛ ያለችውን፣ እኔ ያልተረጎምሁትን፣ ተማሪዎቼን መፍራቴን፣ በእህል ተራ መዞሬን። ስጨርስ ያበጡ እጆቿን ጉልበቷ ላይ እንዳስቀመጠች፣ «እንዲያ ከሆነ እኔ አልበላሁዎትም?» አለችኝ።

«አልበሉኝም። ፈጽሞ።»

«ኪኒን ነው?»

«ኪኒን ነው።»

«እኔ እኮ» አለች፣ «በልቼዋለሁ ብዬ ነው የኖርሁ። በፊት እንኳ ሲሉን እስቅ ነበር። አንቱ ግን የተማሩ ሰው ነዎት። ስሜን ጠሩ። እንትፍ ብዬብዎት ሲነሡ በዓይኔ አየሁ። እንግዲያስ አለብኝ ማለት ነው አልሁ። አለብኝ፣ እኔ አላወቅሁትም እንጂ።» ቆም አለች። «ያች የታዘለችው ልጄስ? ጡት ስሰጣት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር፣ እንዳላያት። እህል ስትጀምር ግን አልቻልሁም። ስትበላ ሲያዩዋት ታስጎመጃለች፣ ሕፃን ስትበላ። እበላታለሁ ብዬ ፈራሁ። ለእህቴ ሰጠኋት።»

ይቅር ይበሉኝ ማለት እንኳ አፈርሁ።

«ወዲያ ከዛፉ ሥር ያለችው እሷ ናት» አለችኝ በአገጯ እያመለከተች። ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን ሴት፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ስንቅ ትፈታለች። «እሷ ናት ያመጣችኝ። ለእናትነቴ ነው፤ አፏ ግን አክስቴ ነው የሚለኝ። ምን በድላኝ እንደ ሰጠኋት አንድ ቀን ጠየቀችኝ፣ ምን ልበላት?» ከዚያ እንደዚያን ቀኑ አተኩራ አየችኝ። «ይሂዱና ይንገሯት። የኔን አፍ አታምነኝም።»

ሄድሁ። ስሜን፣ ሥራዬን ተናገርሁና ለእናቷ የነገርኋትን ደገምሁላት፣ አንድም ሳላስቀር። የያዘችውን ጉርሻ ሳትጎርስ ሰማችኝ። መጨረሻ ላይ፣ ፈራችልሽ እንጂ አልጠላችሽም አልኋት። ልጅቱ ፊቴን አላየችም። ጉርሻውን አስቀመጠች፣ ጨርቁን ከነስንቁ በአራት ማዕዘኑ ሰብስባ አነሣች፣ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄዳ እናቷ ፊት ዘረጋችውና ቁጭ አለች። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። ብርቄ ፊቷን ልታዞር ስትል ልጅቱ በሁለት እጇ ጉንጮቿን ይዛ መለሰቻትና፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ መብላት ጀመረች። አሮጊቷ እያየች ታለቅስ ነበር።

እናትና ልጅ በአጠገባቸው የሚያልፈውን ሰው ሁሉ «እንብላ፣ እንብላ» ይሉታል። እኔም ከዚያው ከአምስት እርምጃ ላይ ቆሜ ነበር። እንብላ ያለኝ የለም።